ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ቤቴ ውስጥ ሰባት ድመት አለ፤ ላውጣቸው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ አዲስ አበባ ግቢ ያለው ኪራይ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። ዝናብ ላይ ካገኘኋት አንዲት ግልገል ተነስቶ አሁን ሰባት ትልልቅ ድመት ደርሰናል። ሦስቱ ሴት፣ አራቱ ወንድ ናቸው፤ ሁሉም ከመንገድ የመጡ። አንዷ ዓመት ሳይሞላት ሁለቴ ወልዳ አሁን ሦስት ልጆች ታጠባለች። አንዱ ወንድ ያስነጥሰዋል፣ ዓይኑም ያለቅሳል። ሳሎኑ በሽንት ሸቷል። የሚበሉት እኛ የምንበላውን ነው፤ ሽሮም ወጥም፤ ወተት እጨምርላቸዋለሁ፣ አንዳንዴም ከሥጋ ቤት ሳንባ አመጣለሁ። አሁን የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ ድመት ፅንስ ያስወርዳል፣ ፀጉሩም አስም ያመጣል ይላሉ። ባለቤቴ በማዳበሪያ ከትቶ ገበያ ዳር ሊጥላቸው ነው። ባለፈው ሳምንት አንዷ የስድስት ዓመት ልጄን እጇ ላይ ቧጭራታለች። መውለድ የሚያቆም መርፌ አለ ሲሉም ሰምቻለሁ። ምን ላድርግ?»

ከልጅሽ እጅ እንጀምር። ሌላው ሁሉ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ይሄ አይቆይም። ድመቶቹ መከተባቸውን አልጻፍሽም፣ ስለዚህ አልተከተቡም ብዬ ነው የምመልስልሽ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። በአገራችን ዋናው አስተላላፊ ውሻ ነው፤ ግን ከግቢ እየወጣች ከሰፈር ውሻ ጋር የምትጋጭ ድመት ልትያዝ ትችላለች። ጭረቱ ቆዳ ከፍቶ ደም አውጥቶ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ክትባት ያስፈልጋት እንደሆነ እነሱ አይተው ይወስኑ። ሳምንት አልፎታል ብለሽ አትተይው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የሚያሳየው ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ሰው ይተርፋል ማለት አይቻልም።

ቧጫሪዋን ድመት ከቧጨረችበት ቀን አንስታችሁ አሥር ቀን እስኪሞላ ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ ተመልከቷት። አሥሩን ቀን በደህና ከጨረሰች፣ ልጅሽን በቧጨረችበት ሰዓት በምራቋ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ባለቤትሽ በዚህ ሳምንት ወስዶ ከጣላት ግን ይህን የምታውቁበት መንገድ ተዘጋ። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ይህን ያዢ፤ ድመት ነከሰ ወይም ቧጨረ ማለት ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ መታጠብ ነው። ቡና አይነሰነስበትም፣ ቅባት አይቀባም። ጸበል መውሰድ የምትፈልጉ ከሆነ ክትባቱን ጀምራችሁ ውሰዱ፤ አንዱ ለአንዱ ምትክ አይሆንም።

አሁን ወደ እርግዝናሽ። አማትሽ የሚሉት ነገር ሥር አለው፣ ግን ጣታቸውን የጠቆሙት ወደ ሌላ ቦታ ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ አለ። እናት በእርግዝና ላይ እያለች ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ወደ ፅንሱ አልፎ ሊያስወርዳት ወይም የልጁን ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ፅንሱ የማለፍ ዕድሉ አነስተኛ ነው፣ ካለፈ ግን ጉዳቱ ይከብዳል። በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ በቀላሉ ያልፋል፣ ጉዳቱ ግን ባብዛኛው ይቀላል። ይህ ተውሳክ ዕንቁላሉን የሚጥለው በድመት አንጀት ውስጥ ነው፣ ይሄ እውነት ነው።

ቀሪውን ክፍል ግን ብዙ ሰው አይሰማውም። አንዲት ድመት ዕንቁላሉን በዓይነ ምድሯ የምታወጣው ብዙውን ጊዜ በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ አብዛኞቹ ገና ግልገል ናቸው፤ ጥሬ ሥጋ ወይም አይጥ በልተው ነው የሚይዛቸው። የወጣው ዕንቁላልም በዚያው ሰዓት ሰውን አይበክልም። ውጭ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ መብሰል አለበት። ስለዚህ በየቀኑ የሚጸዳ ሳጥን ብዙም አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ሳምንት ሙሉ የተረሳ ሳጥን ነው። ድመት በመዳበስ ወይም በማቀፍ መያዝ እጅግ አነስተኛ ዕድል ያለው ነገር ነው።

ሰው በአብዛኛው የሚያዘው ከየት ነው? ከጥሬና ካልበሰለ ሥጋ፣ በደንብ ካልታጠበ ሰላጣና ጎመን፣ ከተበከለ አፈር እና ውሃ። ጥሬ ክትፎ፣ ለብ ለብም ቢሆን፣ ጎረድ ጎረድ፣ ቁርጥ፤ እስክትወልጂ ድረስ እነዚህን ተያቸው። ድመቶቹን አውጥተሽ ክትፎውን ካላቆምሽ ልጅሽን ከዋናው አደጋ አልጠበቅሽውም። ይህን ለአማትሽም ለባለቤትሽም በትክክል እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። ሥጋ በቆረጥሽበት ቢላና መክተፊያ ሰላጣ አትክተፊ። ግቢ ውስጥ አፈር ከነካሽ ጓንት ይኑርሽ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። የድመቶቹን ሳጥን በየቀኑ ባለቤትሽ ይጥረግ፤ ማንም ከሌለ ብቻ አንቺ በጓንት አጽጂ። የእርግዝና ክትትል በምታደርጊበት ቦታ ደግሞ የቶክሶፕላዝማ የደም ምርመራ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። ከድሮ ተይዘሽ ከነበረ ሰውነትሽ ተከላካይ አለው፣ ለፅንሱም ብዙ አያሰጋም። ፈጽሞ ተይዘሽ የማታውቂ ከሆነ ጥንቃቄው በሙሉ ለአንቺ ነው። አዲስ መያዝ የሚጠረጠር ከሆነም ሐኪምሽ ቀሪውን ይመራሻል፤ መድኃኒት አለው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይከተላል፣ አጥብቄ የምልሽም እሱን ነው። እስክትወልጂ ድረስ አንድም አዲስ ግልገል ቤትሽ እንዳይገባ። ዕንቁላሉን በአብዛኛው የሚያወጡት እነሱ ናቸውና። እያንዳንዷ ግልገል ምን ያህል እንደምታሳዝን አውቃለሁ፤ ክረምት ሲገባ ድምፃቸው በየቱቦው ሥር ይሰማል። ግን ያሁኗ ነፍሰ ጡር አንቺ ነሽ። አሁን የሚጠቡት ሦስቱ ጡት ሲጥሉ ከእናታቸው ጋር የበሰለ ብቻ ይብሉ፣ የእነሱንም ቆሻሻ ሌላ ሰው ያንሳ።

ስለ አስም አጭር ነው። ፀጉር ተውጦ ሳንባ ውስጥ ይቀራል የሚባለው ትክክል አይደለም። በምራቋና በቆዳዋ ዕጢዎች የሚወጣ ፕሮቲን አለ። ድመቷ ስትላስ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በአየር ይበተናል። ለዚህ ነገር አለርጂ ያለው ሰው አስሙ ሊነሳበት ይችላል፤ አለርጂ የሌለው ሰው ግን ከድመት ጋር ስለኖረ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ አስም አይገባበትም። ቤት ውስጥ ማታ ማታ የሚያፍነው ወይም የሚያስለው ሰው ካለ ይመርመር። ለማንኛውም ድመቶቹ መኝታ ቤት አይግቡ፤ ሕፃኑ ሲወለድማ ፈጽሞ።

አሁን ስለ መርፌው። አዎ፣ የሆርሞን መርፌና ክኒን አለ። ለሴቶች ለወሊድ መቆጣጠሪያ የሚሰጠውን የሦስት ወር መርፌ ለድመት የሚወጉም አሉ። አታድርጊው። በድመት ላይ ማህፀን መግል እንዲቋጥር፣ የጡት እብጠትና ካንሰር እንዲወጣ፣ የስኳር በሽታ እንዲመጣ ምክንያት ይሆናል። ማህፀኗ መግል የቋጠረ ድመት በቶሎ ካልተቀደደች ትሞታለች፤ ለመርፌው ያወጣሽው ገንዘብ በዚያ ቀን ብዙ እጥፍ ሆኖ ይመጣብሻል። ያለው ትክክለኛ መንገድ ማምከን ነው፤ ሴቷን ቀዶ ዕንቁልጢዋን (ዕንቁላል የምታመነጭበትን ዕጢ) ብቻውን ወይም ከማህፀኗ ጋር ማውጣት፣ ወንዱን ማኮላሸት።

«አንዴ ትውለድና ከዚያ» የሚለውንም ተይው። መውለዷ ለጤናዋ የሚጨምርላት ነገር የለም። ሴት ድመት ከአራት እስከ አምስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ማርገዝ ትችላለች፣ እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው፣ እያጠባችም ሌላ ታረግዛለች። የአንቺዋ ዓመት ሳይሞላት ሁለቴ የወለደችው ለዚህ ነው፤ ዕድል ካገኘች ለሦስተኛውም አትዘገይም። ከነገ ጀምሮ ከልጆቿ ጋር ወንድ በማይገባበት ክፍል ዝጊያት። ልጆቹ ስምንት ሳምንት ገደማ ሆኗቸው ጡት ከጣሉ በኋላ ወተቷ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ቆይታ ትቀደድ።

ገንዘቡ በአንዴ ለሰባቱ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ቅደም ተከተሉ ላይ ሰው ይሳሳታል። ርካሽ ስለሆነ ወንዶቹን ያስቀድማል። ድመቶችሽ ፈጽሞ ከቤት የማይወጡ ቢሆን ኖሮ ያስኬድ ነበር። ግን ግቢው ክፍት ነው፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ አጥር ዘሎ ይገባል። ስለዚህ ሦስቱ ሴቶች ይቅደሙ፤ የማያጠቡት ሁለቱ አሁኑኑ፣ እናትየዋ ጊዜዋ ሲደርስ። ወንዶቹ ቀጥለው፣ በተለይ ሽንቱን ግድግዳ ላይ የሚረጭ ካለ እሱ። የተኮላሸ ወንድ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ወር ገደማ ማስረገዝ ስለሚችል በዚያ ጊዜ ካልመከነች ሴት ጋር አይዋል።

ሐኪም ስትመርጪ በድፍረት ጠይቂ። እኛ አገር አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም የሰለጠነውና የሚሠራው ለከብት፣ ለበግ፣ ለዶሮ ነው። ጎበዝ ሐኪም ሆኖ ድመት ቀዶ የማያውቅ አለ፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ማወቅ ግን መብትሽ ነው። ድመት ታመክናለህ ወይ፣ ማደንዘዣው ምንድነው፣ ሲያበቃ የሕመም ማስታገሻ ትሰጣለህ ወይ በይው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻና ድመት የሚያክሙ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ። ሁለትና ሦስቱን በአንድ ቀን ላምጣ ብትዪ ዋጋ የሚቀንሱልሽ ይኖራሉ፣ ጠይቂ።

ምግቡ ላይ ልቆይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ።

ድመት ሥጋ በል ናት፤ ውሻ እንደሚሆነው በእህል ተደጉማ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፣ ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ለወራት ካጣችው የዓይኗ ውስጠኛ ክፍል ይሞትና ትታወራለች፣ ልቧም ይለጠጥና ይደክማል። የልቡ በጊዜ ከተደረሰበት ሊሻሻል ይችላል፤ የጠፋው ዓይን ግን አይመለስም። አሁን የሁዳዴን 55 ቀን አስቢ። ከዚያ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት። በጾም ቤቱ ሥጋ የለውም፣ ድመቷም ሽሮና እንጀራ ላይ ትከርማለች። ባለቤቶቿ እየጾሙ በቅንነት ነው፤ እሷ ግን እየተጎዳች ነው። ጾም ለሰው ነው፣ ለእነሱ ለየብቻ ይቀቀልላቸው። ብረት ድስቱንና ጭልፋውን ለይተሽ ከያዝሽ የቤቱ ጾም አይፈርስም።

ሁለተኛው የወጡ ጉዳይ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። የኛ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽሮው ራሱ ገና ሲፈጭ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል፣ ስለዚህ «ሽንኩርቱን ለይቼ ነው የምሰጣቸው» አያዋጣም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጠራቀመ ድመቷ ትገረጣለች፣ ትደክማለች፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። ከንፈሯን ገልጠሽ ድዷን እዪው፤ ሮዝ መሆን አለበት። ነጭ ወይም ቢጫ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂጂ። ወተት ደግሞ አብዛኛውን ትልቅ ድመት ያስቀምጠዋል። ውሃ ይበቃቸዋል፤ ከምግቡ ራቅ ብሎ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጪ፣ ድመት ምግቧ ሥር ያለ ውሃ ብዙም አትወድም።

ሳንባውን በተመለከተ፣ ጥሬውን ፈጽሞ አትስጪ። የቶክሶፕላዝማው ሰንሰለት የሚጀምረው እዚያ ነው። የበሰለም ቢሆን ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። ከሥጋ ቤት በቅናሽ ልብ ለምኚያቸው፤ የበሬም የበግም ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው። የዶሮ ጭንም ጥሩ ነው። ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመም ቀቅይ፤ ታውሪኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን አብረሽ ስጪ። ጉበት በሳምንት አንዴ ትንሽ ይበቃል፤ በየቀኑ ጉበት የምትበላ ድመት በቫይታሚን ኤ ብዛት አጥንቷ ይበላሻል። ቆሮሶ ዓሣ ከተገኘ ቀቅለሽ አጥንቱን ለቅመሽ ስጪ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል፣ አትስጪ።

ሥጋ ብቻውንም አይሞላም፣ ካልሲየም የለውም። ሥጋ ብቻ በልተው ያደጉ ግልገሎች ከአልጋ ሲዘሉ እግራቸው ይሰበራል፤ ሰው «ወድቆ ነው» ይላል፣ አጥንቱ ግን ቀድሞ ሳስቷል። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ እንደ ዱቄት አልመሽ፣ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ጨምሪ። ይህም ለጊዜው የሚያቆም ነው። የምትችዪ ከሆነ የምመርጥልሽ ለድመት የተዘጋጀውን ደረቅ ምግብ መሠረት አድርገሽ ሥጋውን መደጎሚያ ማድረግ ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ይበቃታል። ለሰባት ድመት በወር አሥራ ሁለት ኪሎ ገደማ ማለት ነው። የውሻ ደረቅ ምግብ ርካሽ ነው ብለሽ አትተኪው፤ ለድመት የሚያስፈልገው የታውሪን መጠን የለበትም። ይህን ወጪ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ስንት ድመት መያዝ እንደምትችዪ የሚነግርሽ እሱ ነው።

ወደ ሽንቱ። መጀመሪያ ሁለቱን ለዪ። ጅራቱን አቁሞ እያንቀጠቀጠ ግድግዳና ሶፋ ላይ ቆሞ የሚረጭ ከሆነ ያልተኮላሸ ወንድ ክልሉን እያመለከተ ነው። ካኮላሸሽው ከአሥር ዘጠኙ ይተዋል ወይም በጣም ይቀንሳል። ቁጢጥ ብሎ ወለል ላይ የሚሸና ከሆነ ግን ሳጥኑ አልተመቸውም፣ ወይም ሌላ ድመት መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ አያሳልፈውም፣ ወይም ታሟል። መለኪያው ከድመቱ ቁጥር በአንድ የሚበልጥ ሳጥን ነው። ስምንት ሳጥን በቤትሽ እንደማይገባ ይገባኛል። አራት አምስት ትልልቅ ሳፋ፣ በተለያየ ክፍልና በረንዳ፣ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ሞልተሽ፣ ጠዋትና ማታ ከተጠረገ ይሠራል። ሁሉንም አንድ ጥግ ከደረደርሽ እንደ አንድ ሳጥን ነው የሚቆጠረው፤ አንድ ጉልበተኛ ድመት በር ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይዘጋል።

የሸተተውን ቦታ በበረኪና አታጥቢ። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ፣ ቀጥሎ በአቼቶና ውሃ እጠቡት፣ ፀሐይ ይምታው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ላይ። ወንድ ድመት ሳጥን ላይ እየተመላለሰ የሚያምጥ፣ የሚጮህ፣ ብልቱን የሚልስ፣ ሽንት ግን ጠብ የማይልለት ከሆነ ድርቀት አይደለም። ቧንቧው ተዘግቷል። እስከ ነገ አይባልም፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ።

የሚያስነጥሰው ወንድ በግምት የድመት ጉንፋን ነው። ዋናዎቹ አምጪዎች ሁለት ቫይረሶች ናቸው፤ አንደኛው አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ ተደብቆ ይኖራል፣ ድመቱ ሲጨነቅ ይነሳበታል። ሰባት ድመት በጠበበ ቤት ራሱ ጭንቀት ነው። ለይተሽ በሌላ ዕቃ አብይው፣ ዓይኑን በንጹሕ ለብ ያለ ጨው ውሃና ጨርቅ ጥረጊለት። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ገዝተሽ እንዳታደርጊ፤ ዓይኑ ላይ ቁስል ካለ ይበሳዋል። መብላት ካቆመ ወደ ሐኪም። ሙሉ በሙሉ ይድናል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ በደህና ጊዜው ደህና ይኖራል።

በቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትም ይቅርብሽ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንድ ፍሬ ይበቃል። ጉበታቸው መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኬሚካል በበቂ ስለሌለው ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቆማል። ለቁንጫ ደግሞ የከብት መርጫ፣ ዲያዚኖንም ሆነ አሚትራዝ፣ ወይም ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ዱቄት አታስነኪያቸው። ሊገድሏቸው ይችላሉ። ለድመት ተብሎ የተሠራ የቁንጫ ጠብታ አለ። ከዚያ ጎን ለጎን ምንጣፉን አራግፊ፣ የሚተኙበትን ጨርቅ በየሳምንቱ ቀቅይ። አብዛኛው የቁንጫ ዕንቁላልና ዕጭ ያለው ወለሉ ላይ እንጂ ድመቷ ላይ አይደለም። የአይጥ መርዝም ግቢ ውስጥ እንዳይቀመጥ፣ የተመረዘውን አይጥ እነሱ ናቸው የሚበሉት።

አሁን የማዳበሪያው ነገር። ቤት የለመደ ድመት ገበያ ዳር ሲጣል ውሻ፣ መኪና ወይም ረሃብ ይጨርሰዋል። ከተረፈም እዚያው ይራባል። የግቢያችሁ ክፍት ቦታም ባዶ አይቀርም፤ ምግብና አይጥ እስካለ ድረስ በሳምንታት ውስጥ ያልተከተበ፣ ያልመከነ ሌላ ድመት ይገባበታል። ባለቤትሽ ችግሩን እንደ አዲስ ይጀምረዋል ማለት ነው። ንዴቱ ግን ተገቢ ነው። የሽንት ሽታና የልጅ እጅ መቧጨር ሰው ያናድዳል። አንቺም ድመቶቹን አዝነሽ ካስገባሽ ኃላፊነቱን እስከ መጨረሻ መሸከም አለብሽ፤ ማዘን ብቻውን ለእነሱ አይበቃቸውም።

እንግዲህ እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ልጅሽን ጤና ጣቢያ፣ አንቺ የደም ምርመራ፣ ወጡና ጥሬው ሳንባ ይቆማል፣ የምታጠባው ድመት ትዘጋለች። ቧጫሪዋ አሥር ቀኗን እንደጨረሰች ሰባቱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የትላትል መድኃኒት ይውሰዱ፤ ልጆቹ ሦስት ወር ሲሞላቸው፣ ከዚያ በየዓመቱ ወይም ክትባቱ በሚያዘው መሠረት። ክሊኒኩ የጉንፋኑና ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት የአንጀት በሽታ ክትባት ካለው እሱንም ያዙ። ያ የአንጀት በሽታ ግልገሎችን በቀናት ውስጥ ይፈጃል፣ ቫይረሱም ቤት ውስጥ እስከ ዓመት ይቆያል። ከዚያ ሴቶቹ ይመክኑ፣ ከዚያ ወንዶቹ።

ቁጥሩ ሰባት ላይ ይቁም፤ ብችል ወደ አምስት አወርደዋለሁ። ሦስቱ ልጆችና ከትልልቆቹ ሰው የሚወዱት ሁለቱ ለሚታወቅ ሰው ይሰጡ፤ ትልልቆቹ መክነው፣ ልጆቹ ለማምከን ቃል ባስገባሽው ሰው እጅ። አይጥ ላስቸገረው ጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለሥራ ባልደረባ። ገበያ ወስዶ «የፈለገ ይውሰድ» አይባልም። ትልቅ ሆኖ የመጣና እስካሁን እጅሽን ያልቀረበ ድመት ካለ በግድ የቤት አታድርጊው። ከሰው ጋር የሚላመዱበት ዋና ዕድሜ ከሁለት እስከ ሰባት ሳምንት ነው፣ ያ አልፎታል። መክኖ፣ ተከትቦ፣ ግቢው ውስጥ መጠለያ ካርቶንና ምግብ እያገኘ ይኑር። ልጅሽን የቧጨረችው እንዲህ ያለች ከሆነች ቦታዋ ግቢው ነው፤ ልጅሽም ስትበላና ስትተኛ እንዳትነካት አስተምሪያት።

አከራይሽ ድመት አልፈቅድም ካለ ወይም ባለቤትሽ ሳጥኑን አልጠርግም ብሎ ከጨረሰ ግን ይህ እቅድ አይቆምም፤ ያኔ ሁሉንም ቀስ በቀስ ቤት ፈልገሽ ማስረከብ ነው የሚሻለው። እስከዚያው ሁለቱን ሴቶች ለቀዶ ሕክምና ስትወስጂ ማታ ከመኝታ በፊት ምግቡን አንሺ፣ ውሃ ይጠጡ። በካርቶን አትያዢያቸው፣ ታክሲ ውስጥ ቀደው ይወጣሉ። ክዳን ያለው ጠንካራ ቅርጫት ይሁን፣ ለእያንዳንዷ ለየብቻ። ሲመለሱ ማደንዘዣው እስኪለቃቸው ሞቅ ያለና ከፍታ የሌለው ክፍል ውስጥ ይደሩ፤ በማግስቱ ካልበሉ ወይም ስፌቱ ካበጠና ከረጠበ ለሐኪሙ ደውይ።